ከጹኪጂ እስከ ናቶ፦ በቶኪዮ ቅዳሜና እሑድ የማታውቁትን ምግብ ለመሞከር

ጃፓን የገባ ሐበሻ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ወራቱን በተጠበሰ ዶሮ፣ በካሪ ሩዝና ከኮንቢኒ (ቀን ከሌት ክፍት ከሆነ ትንሽ ሱቅ) በሚገዛ ኦኒጊሪ (የተድበለበለ ሩዝ) ይገፋል። ሌላውን የማይነካው ውስጡ ምን እንዳለ ስለማያውቅ ነው። አሳማ ይኖርበት ይሆን? ጥሬ ነው? በጾም ይበላል? ለዚህ ስጋት የሚበጀው ምግቡን ሲሠራ እያዩ መጀመር ነው፤ መጀመሪያ ጥሬ ዕቃው ተዘርግቶ ወደሚታይበት ገበያ፣ ቀጥሎ ራሳችሁ ወደምትጠብሱበት ምጣድ፣ በመጨረሻ በገዛ ቤታችሁ። ጓዳ ውስጥ ተሠርቶ የሚመጣ ሳህን ለሌላ ሳምንት ይቆይ።

ጉዞው የታሰበው ለቶኪዮ ነው። መነሻው በካጹሺካ ወረዳ ያለው ዮጹጊ ነው፤ ኢትዮጵያውያን ሰብሰብ ብለው የሚኖሩበት ሰፈር እሱ ነውና። ሌላ ቦታ ያላችሁ ሂጋሺ ጊንዛ ወይም ጹኪጂ ጣቢያ ላይ ብትገቡ መንገዱ አንድ ነው።

ዓርብ ማታ

ለአንድ ሰው 5,000 የን በጥሬው ያዙ፤ ከዚያ ውስጥ ሦስቱ ባለ 1,000 ኖት ይሁኑ። ካርድ የማይቀበል ትንሽ ሱቅ አሁንም አለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የወጡትን አዲስ ኖቶች የማይውጥ አሮጌ የትኬት ማሽንም አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ሳንቲም መያዝ ከዚህ ያድናል። ለቆሻሻ የሚሆን ከረጢት አትርሱ፤ ጎዳና ላይ መጣያ ማግኘት ጭንቅ ነው። ስልካችሁ ላይ በካሜራ የሚተረጉም መተግበሪያ ጫኑ፤ የጃፓንኛውን ፋይል ቤት እያላችሁ አውርዱት። ምድር ቤት ያለ ምግብ ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ሲጠፋ ያን ጊዜ ነው ጥቅሙ የሚታወቀው።

ከዚያ ጥቂት ቃላት። ቡታ ወይም ቡታኒኩ አሳማ ነው፣ ራዶ የአሳማ ስብ፣ ሚሪን 14 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው ጣፋጭ የሩዝ ማጣፈጫ። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት የማትበሉ ደግሞ እነዚህን ጨምሩ፦ ኢካ (ስኩዊድ)፣ ታኮ (ኦክቶፐስ)፣ ኤቢ (ሽሪምፕ)፣ ካኒ (ሸርጣን)፣ ሆታቴ እና ካኪ (ዛጎል ለበሶቹ)፣ ኡናጊ (እባብ መሰሉ ዓሣ)።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ኒኩ ናሺ» ወይም «ሥጋ የሌለው» ብሎ በማዘዝ ነው። አስተናጋጁ «ኒኩ» ሲባል ቁርጥ ሥጋ ስለሚመስለው ቤከን ወይም ሃም የተበተነበትን ያመጣል፤ ተንኮል የለበትም። ስለዚህ በስም ጥሩት፦ «ቡታኒኩ፣ ሃሙ፣ ቤኮን፣ ራዶ ዋ ታቤራሬማሴን»፣ እነዚህን መብላት አልችልም ማለት ነው። ያለበት መሆኑን ለመጠየቅ «ቡታኒኩ ዋ ሃይቴ ኢማስ ካ» በቂ ነው። የታሸገ ዕቃ ላይ ያለው የአለርጂ ሣጥንም አያስተማምንም። በግድ የሚጻፉት እንደ እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴ፣ ሶባ (ባክዊት የሚባል እህል)፣ ኦቾሎኒና ሽሪምፕ ያሉት ናቸው፤ አሳማ በፈቃድ ከሚጻፉት ውስጥ ነው። ሙሉውን የይዘት ዝርዝር በካሜራ አንብቡ።

የጾመኛው ፈተና ዳሺ ነው። ዳሺ ማለት የምግብ ሁሉ መሠረት የሆነ ቀጭን መረቅ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከካጹኦቡሺ፣ ማለትም ታጥኖ ደርቆ እንደ እንጨት ልጭ ከተፋቀ ዓሣ ነው። የሚሶ (የተብላላ አኩሪ አተር) ሾርባው፣ የኑድሉ መረቅ፣ እንቁላሉ፣ «አትክልት ብቻ ነው» ተብሎ የሚቀርበው የተቀቀለ ቆስጣ ሳይቀር በእሱ ይሠራል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ። የማትበሉ ከሆነ ዳሺው ከኮንቡ (የባሕር ቅጠል) ወይም ከሺታኬ እንጉዳይ የተሠራ መሆኑን መጠየቅ ነው፤ «ኮንቡ ዳሺ ዴስ ካ»። የቡድሂስት ገዳማት ምግብ የሆነው ሾጂን ርዮሪ በሁለቱ ብቻ ስለሚሠራ ለሁዳዴ ከእሱ የተሻለ የለም፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ መመዝገብ ይጠይቃል።

ቅዳሜ ጠዋት፦ ገበያው

ከዮጹጊ በኬይሴይ ኦሺያጌ መሥመር ተሳፈሩ። ወደ አሳኩሳ መሥመር የሚቀጥለውን ባቡር ከያዛችሁ ሳትቀይሩ ሂጋሺ ጊንዛ ያወርዳችኋል፤ ኦሺያጌ ላይ የሚያበቃ ከሆነ እዚያው ቀይሩ። ከሂጋሺ ጊንዛ ጹኪጂ ገበያ በእግር ከ10 ደቂቃ አይበልጥም።

የጅምላ ጨረታው በኦክቶበር 2018 ወደ ቶዮሱ ተዛውሯል። ጹኪጂ የቀረው የውጪው ገበያ ነው፣ ለእናንተም የሚበጀው እሱ ነው። ከ9 ሰዓት በፊት አትግቡ (በጃፓን አቆጣጠር፣ ማለትም ጠዋት 3 ሰዓት)፤ ያ ጊዜ የምግብ ቤት ሰዎች የሚሸምቱበት ስለሆነ በጠባቡ መተላለፊያ ቆማችሁ ፎቶ ስታነሡ ጋሪ ይገፋችኋል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ሱቆቹ መዝጋት ይጀምራሉ። እሑድና አንዳንድ ረቡዕ አብዛኞቹ ዝግ ናቸው፤ ቅዳሜን የመረጥነው ለዚህ ነው።

አንድ ዙር ምንም ሳትገዙ ዙሩ። በሁለተኛው ዙር በዚህ ቅደም ተከተል ቅመሱ፤ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው እንዲሄድ።

መጀመሪያ ታማጎያኪ፦ በአራት ማዕዘን መጥበሻ እየተጠቀለለ የሚበስል እንቁላል፣ በስንጥር ተሰክቶ ይሸጣል። የቶኪዮው ስኳር አለበት። ቃሪያና ሽንኩርት ያለው እንቁላል ጠብቆ የነከሰ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ነው። ዳሺም አለበት፤ ሲነከስ የሚወጣው ፈሳሽ እሱ ነው፣ እንቁላሉ አልበሰለም ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ጹኬሞኖ፣ በጨው ወይም በእርሾ የተቀመጠ አትክልት። በሩዝ ፉርሽካ ብጥብጥ ውስጥ የሚብላላው ኑካዙኬ ሊጥ ለለመደ አፍንጫ እንግዳ አይደለም። ኡሜቦሺ (በጨው የተቀመጠ የኡሜ ፍሬ) ግን ይጠንቀቁት፦ ቀይ፣ የተጨማደደ፣ ፍሬ ያለው፣ ጨውነቱና ኮምጣጣነቱ ጥርስ የሚያነቃንቅ። አንዱን ሙሉ አፍ ውስጥ መወርወር ስሕተት ነው፤ ጥፍር የምታክል ቆንጥሮ ከሩዝ ጋር ነው።

ከዚያ ጥሬ ዓሣ። በአንድ ጉራሽ ሱሺ ጀምሩ፤ ያውም ማጉሮ አካሚ፣ የቱናው ቀይ ሥጋ። ስብ የበዛው ቶሮ ውድ ስለሆነ የተሻለ ይመስላል እንጂ ለጀማሪ አፍ እንደ ቅቤ ይለጠፋል፤ ኡኒ (የባሕር ጃርት) ደግሞ ለወራት ይቆይ። ሶያውን በዓሣው ወገን ንከሩ፤ ሩዙን ከነከራችሁት ይፈርሳል፣ ጨውም ይበዛል። በእጅ መብላት ነውር የለውም። ዋሳቢው እንደ በርበሬ ምላስ ላይ አይቆይም፣ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ ይወጣል፤ ሲመጣ በአፍንጫ አየር ማስወጣት ያበርደዋል፣ ውሃ አያበርደውም። ጨርሶ የማትፈልጉት «ሳቢ ኑኪ» በሉ።

ሁለት የሥነ ሥርዓት ነገሮች። የገዛችሁትን እየተራመዳችሁ አትብሉ፤ ሱቁ ፊት ቆማችሁ ጨርሱ፣ ስንጥሩንም እዚያው መልሱ። ጓደኛችሁን ለማጉረስ በቾፕስቲክ ይዛችሁ እሱ በቾፕስቲኩ እንዲቀበላችሁ ደግሞ ፈጽሞ አታድርጉ፤ ጃፓኖች እንዲህ የሚቀባበሉት ከሬሳ ማቃጠል በኋላ አጥንት ሲለቅሙ ነው። ሳህኑ ላይ አኑሩለት፣ ራሱ ያነሣዋል። ጉርሻ እዚህ አገር በሳህን በኩል ነው።

ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። ዓሣው ጥሬ ስለሚበላ ሥጋውም ይበላል ብላችሁ ከሱፐርማርኬት በገዛችሁት በሬ ክትፎ አትሥሩ፤ ያ ሥጋ ለማብሰያ የተዘጋጀ ነው። በ2011 ሰው ከሞተበት የምግብ መመረዝ በኋላ ጥሬ በሬ የሚያቀርብ ምግብ ቤት ሕጉ ጠብቆበታል፤ የበሬ ጥሬ ጉበት ከ2012፣ ጥሬ አሳማ ከ2015 ጀምሮ ተከልክሏል። «ሳኩራ ኒኩ» ወይም «ባሳሺ» የሚል ካያችሁ ደግሞ የፈረስ ሥጋ ነው። ስሙ የአበባ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሸወዳል።

ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ምጣዱ

ከገበያው ወደ ወንዙ ስትወጡ የካቺዶኪ ድልድይ ይገኛል። በ1940 የተሠራ፣ መካከሉ ለመርከብ የሚከፈት ነበር፤ ከ1970 ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። ከእሱ ወዲያ ጹኪሺማ ድረስ ዘና ብሎ ለሚራመድ 25 ደቂቃ ገደማ ነው፣ የበላችሁትም ይወርዳል። ጹኪሺማ በሞንጃያኪ የታወቀ ሰፈር ነው፤ ኒሺናካ በሚባለው መንገድ ግራና ቀኝ ሞንጃ ቤት ነው።

ሞንጃ ማለት ብዙ ውሃና ጥቂት ዱቄት ያለው ብጥብጥ ከተቀረደደ ጥቅል ጎመን ጋር ጠረጴዛው ላይ በተገጠመ የብረት ምጣድ የሚበስል ነው። እንጀራ ወይም ቂጣ አትጠብቁ፤ እስከ መጨረሻው ልቅ ነው። «አልበሰለም» ብሎ ግማሽ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ያገኘው የተቃጠለ ነገር ብቻ ነው።

ለሁለት ሰው አንድ ሞንጃና አንድ ኦኮኖሚያኪ (ወፍራሙ ዘመዱ) ይበቃል። አንድ ሞንጃ እንደ ጭማሪው ከ1,000 እስከ 1,800 የን ይሄዳል፤ ብዙ ቤቶች በነፍስ ወከፍ አንድ መጠጥ ያስገድዳሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቺ (የሩዝ ጥፍጥፍ) እና ቺዝ ያለበትን እዘዙ፤ ጣዕሙ የዋህ ነው። ሳህኑ ጥሬውን ሲመጣ ምጣዱ ላይ ከመድፋታችሁ በፊት በደንብ እዩት፤ ጥቃቅን ሮዝ ሽሪምፕና የደረቀ ስኩዊድ ሳታዙት ተነስንሶ ይመጣል። የማትበሉ ከሆነ ስታዙ «ኤቢ ናሺ፣ ኢካ ናሺ» በሉ። ከእናንተ በፊት በዚያው ምጣድ አሳማ ሊጠበስ እንደሚችል ለሚከብደው ሰው ግን ሞንጃ ቤት አይሆንም፤ ያ ሰው ቤቱ ይሥራው። ልኩም ይኸው፦ 200 ግራም ጥቅል ጎመን፣ 30 ግራም ዱቄት፣ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ወይም የኮንቡ ዳሺ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዉስተር ሶስ (ይዘቱን አንብቡ)፣ አንድ እፍኝ ቺዝ።

አሠራሩ፦

1. ምጣዱን 200 ዲግሪ ገደማ አድርሱት። መለኪያ ከሌለው ጠብታ ውሃ ጣሉ፤ ዘለል ዘለል ካለች ደርሷል። ዘይት በስሱ ቀቡ።

2. ፈሳሹን ሳህኑ ውስጥ አስቀርታችሁ ጎመኑንና ጭማሪውን ብቻ አውጡ። ቺዙን ለመጨረሻ አቆዩት።

3. በሁለቱ ትልልቅ መገልበጫዎች እየከተከታችሁ 3 ደቂቃ ጥበሱ። ጎመኑ ጠውልጎ መጠኑ በሲሶ እስኪቀንስ ነው። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው፤ ያልጠወለገ ጎመን ክፍተት ስለሚኖረው ቀጣዩን ደረጃ ያበላሸዋል።

4. ጎመኑን ክብ ግድብ አድርጉት፣ መካከሉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ይሁን። ግድቡ ወፍራምና የተጠጋጋ ይሁን።

5. ፈሳሹን ከሥሩ በደንብ አማስሉ። ዱቄቱ፣ ሊጥ ሲያድር ውሃው ላዩ እንደሚያቅር፣ ሥር ይዘቅጣል። ሳታማስሉ ከደፋችሁ መጀመሪያ ጥቁር ውሃ ነው የሚወርደው፤ ውሃ ደግሞ አይወፍርም፣ ግድቡን ሰርስሮ ይወጣል።

6. ሲሶውን ብቻ ግድቡ ውስጥ ጨምሩ። ሲንተከተክና ሲወፍር የቀረውን በሁለት ጊዜ። በአንዴ የደፋ ሰው ጠረጴዛው ጠርዝ ድረስ ያባርረዋል። ግድቡ ከፈረሰ አትደንግጡ፤ በመገልበጫው ወደ መሐል መልሱት፣ ጣዕሙ አይጎድልም።

7. ፈሳሹ እንደ አጥሚት ሲወፍር ሁሉንም ቀላቅሉ፣ በስሱ ዘርጉ፣ ቺዙን በትኑ። እሳቱን ቀንሱ።

8. አሁን እጃችሁን ሰብስቡ። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ሥሩ ይያዝ፤ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ የመጥበስ ሽታ ሲሰጥ ደርሷል።

የሚበላው በጣት በምታህል ትንሽ መገልበጫ ነው። ከዳር ጥቂት ቆርጣችሁ፣ መገልበጫዋን ገልብጣችሁ ምጣዱ ላይ ትጫኑታላችሁ፤ ሥሩ ሲያር ይለጠፍባታል፤ ወደ ራሳችሁ ሳብ አድርጋችሁ ታነሡታላችሁ። በትልቁ መገልበጫ የሚበላ ሰው ከንፈሩን ያቃጥላል። ከሁሉ የሚጣፍጠው መጨረሻ ላይ ምጣዱ ላይ የሚቀረው ስስ ቅርፊት ነው፤ ድስት ሥር ተልጦ የሚበላውን ያረረ ለሚወድ ሰው ይህ ብቻ ይበቃዋል።

ኦኮኖሚያኪውን አስተናጋጁ እንዲሠራላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ፈቃደኛ ናቸው። ራሳችሁ ከሆናችሁ በ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ክቡን አውጡ፣ በያንዳንዱ ጎን 5 ደቂቃ፤ በመገልበጫ አትጫኑት፣ አየሩ ወጥቶ ድርቅ ያለ ሊጥ ይሆናል።

ሲያልቅ «ኦካይኬይ ኦኔጋይ ሺማስ» ብላችሁ ሒሳብ ጠይቁ። ጉርሻ (ቲፕ) አይሰጥም፤ ጠረጴዛ ላይ ከተዋችሁት ረሳችሁ ብለው መንገድ ድረስ ይከተሏችኋል።

ልብሳችሁ አሁን ዘይት ዘይት ይሸታል። መፍትሔው ሴንቶ፣ የሰፈር ሕዝብ መታጠቢያ ነው፤ በቶኪዮ የአዋቂ ዋጋ ከኦገስት 2024 ጀምሮ 550 የን ሆኗል። ገንዳው ከመግባታችሁ በፊት በርጩማው ላይ ተቀምጣችሁ ሙልጭ ብላችሁ ታጠቡ፤ ፎጣው ውሃው ውስጥ አይገባም። ውሃው 42 ዲግሪ ገደማ ስለሚሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ከ5 ደቂቃ አትለፉ። ግንባር ወይም እጅ ላይ የመስቀል ንቅሳት ያላችሁ፣ ሴንቶ ብዙውን ጊዜ ምንም አይልም፤ ትልልቆቹ የኦንሴን (ፍል ውሃ) ማዕከላት ግን ሊመልሷችሁ ስለሚችሉ ቀድማችሁ ጠይቁ ወይም በፕላስተር ሸፍኑት።

እሑድ፦ ናቶ በቤት

ናቶ የውጭ አገር ሰው የሚፈራው የመጀመሪያው የጃፓን ምግብ ነው፤ ሐበሻ ግን ሊፈራው አይገባም። የተቀቀለ አኩሪ አተር በባክቴሪያ ተብላልቶ የሚሠራ ነው። ስልጆ የሚያውቅ ሰው የባቄላ ዱቄትና ሰናፍጭ ተቦክቶ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ናቶም የሚበላው በሰናፍጭ ነው። ዝልግልግነቱን ደግሞ ተልባ የጠጣ ይለየዋል። የቀረው ሽታው ነው፤ የቆጮ ሽታ የማይገርመው ሰው ያልፈዋል።

ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የምትወስዱ ናቶ አትንኩ። ቫይታሚን ኬ በጣም ስላለው የመድኃኒቱን ሥራ ያበላሻል፤ ጥቂት መቅመስም ቢሆን አይመከርም።

ሱፐርማርኬት ውስጥ ከቶፉ አጠገብ፣ ሦስት ሦስት ሆኖ ታስሮ በ100 እና በ150 የን መካከል ይሸጣል፤ አንዱ ከ40 እስከ 50 ግራም ነው። ለጀማሪ «ሂኪዋሪ» የተባለውን፣ የተከካውን ምረጡ፤ ለስላሳ ነው፣ ከሩዝ ጋር ይዋሃዳል።

ክዳኑን ስትከፍቱ በላዩ ስስ ላስቲክ አለ። ቀጥ አድርጎ የሚስብ ሰው ክሩን ጠረጴዛው ላይ ይጎትታል። በቾፕስቲክ ጫፍ መካከሉን ይዛችሁ ጠምዝዙት፣ ክሩ አብሮ ይጠቀለላል። ሶሱንና ሰናፍጩን አውጡና ናቶውን ብቻ 50 ጊዜ ያህል አማስሉት፤ ነጭ አረፋ ይለብሳል። ሶሱን አስቀድሞ የጨመረ ሰው አረፋውን አያገኘውም፣ ውሃ ውሃ ይላል። አሁን ግማሹን ሶስ፣ ከሰናፍጩ ጥቂት፣ የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል። በ150 ግራም ትኩስ ሩዝ ላይ ድፉት። ናቶውን ራሱን አታሙቁት፤ ሲሞቅ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል።

በጾም ጊዜ የፓኬቱን ሶስ ተዉት፣ ብዙውን ጊዜ የዓሣ ዳሺ አለበት፤ በምትኩ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶያ ሶስ ይበቃል። ዝልግልግነቱ የሚያስቸግረው ሰው ጥቂት ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ይጭመቅበት፣ ክሩ ይቆራረጣል። ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቁንጥር ሚጥሚጣ ሲገቡበት ደግሞ በእንጀራ የሚበላ ነገር ይወጣዋል፤ ጃፓኖቹ ግራ ይጋባሉ እንጂ ስሕተት የለበትም።

ዕቃውን በስፖንጅ ወዲያው አትፈትጉ፤ ዝልግልጉ ስፖንጁን ይይዘዋል፣ ቀጥሎ የምታጥቡት ብርጭቆም ናቶ ናቶ ይሸታል። ውሃ ሞልታችሁ 10 ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ ድፉና እጠቡ። የቀሩትን ሁለት ፓኬቶች ፍሪጅ ውስጥ ከ10 ዲግሪ በታች አስቀምጡ። እየቆየ ሲሄድ አሞኒያ አሞኒያ ስለሚል በሳምንቱ የማትበሉት ከሆነ ከነፓኬቱ ፍሪዘር አስገቡት፤ ከመብላታችሁ በፊት ባለው ሌሊት ወደ ፍሪጅ አውርዱት።